«የረጅም ጊዜ የሙያ አጋርነት» በሚል ስም ስለሚሸጠው ውል ለሥራ ፈላጊዎች የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እንድትፈርም የተሰጣትና ከመፈረሟ በፊት እንዳነበው ያመጣችልኝ ውል ነው። ርዕሱ «የረጅም ጊዜ የሙያ አጋርነት ስምምነት» ይላል። አቅራቢው አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ያለውና በቴሌግራም ብዙ ተከታይ ያፈራ የሥራ አገናኝ ድርጅት ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ውል ከሌሎችም ዘንድ ስላየሁ፣ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማንሳት አንባቢን ከቀሩት ያዘናጋል። በውሉ መሠረት ባለሙያዋ ለሁለት ዓመት የሚያገለግል የምዝገባ ክፍያ 6,000 ብር በቅድሚያ ትከፍላለች፤ ሥራ ስታገኝ ከመጀመሪያው ወር ደመወዟ ግማሹን፣ ከዚያም ለስድስት ወር ከየወሩ ደመወዟ አሥር በመቶ ታስገባለች፤ ውሉ እስኪያበቃ በሌላ አገናኝ ዘንድ አትመዘገብም፤ የዲግሪዋንም ኦሪጅናል «ለማረጋገጫ» ትታ ትሄዳለች። በአንጻሩ የድርጅቱ ግዴታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለቀ ነው፦ ተመዝጋቢዋን ከቀጣሪዎች ጋር ለማገናኘት «የተቻለውን ጥረት ያደርጋል»።

ውሉ ሰውን የሚስበው እውነተኛ ፍላጎት ላይ ስለተመሠረተ ነው። ሥራ በጠፋ ቁጥር ሲቪ ይዞ ከመሯሯጥ ይልቅ ሙያችንን የሚያውቅ፣ የት መድረስ እንደምንፈልግ የሚረዳና ተስማሚ ቦታ ሲከፈት የሚያስታውሰን ሰው ማግኘት መልካም ነገር ነው። እኔም በቅጥር ኮሚቴዎች ውስጥ ከአሠሪው ወገን ለዓመታት ስለተቀመጥሁ፣ እንዲህ ያለ ግንኙነት ሰዎችን ለጥሩ ቦታ ሲያበቃ ተመልክቻለሁ። ይሁን እንጂ ባየኋቸው በእነዚያ ሁሉ አጋጣሚዎች ባለሙያው ለአገናኙ አንድም ብር አልከፈለም። ጠቃሚው ግንኙነት በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ በገንዘብ የሚሸጠው ደግሞ ያን ግንኙነት ሊሆን አይችልም የምለው ለዚህ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የአገናኙ ገቢ ከየት እንደሚመጣ መመልከት ይበቃል። አንድ ባንክ ወይም አስመጪ ድርጅት ልምድ ያለው የፋይናንስ ኃላፊ ሲፈልግ ለአገናኙ ትእዛዝ ይሰጣል፤ አገናኙ ጥቂት ሰዎችን መርጦ ያቀርባል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲቀጠር ቀጣሪው ይከፍላል። ይህ ሥራ በዳበረባቸው እንደ አሜሪካና አውሮፓ ባሉ ገበያዎች ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከተቀጣሪው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ይደርሳል። ተቀጣሪው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢለቅ ወይም ቢሰናበት አገናኙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ሰው እንዲተካ የሚያስገድድ ዋስትናም ብዙ ጊዜ ይታከልበታል። በእኛ አገር የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ በሕግ ስለተወሰነ፣ ቀጣሪዎች ይህን ጊዜ መሠረት አድርገው ዋስትናውን ሲደራደሩ አይቻለሁ። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሠራ አገናኝ ለቦታው የማይሆን ሰው ቢልክ ራሱ ይከስራል፤ እናንተን በደንብ ማወቁ ለእሱም ጥቅም ነው። የምዝገባ ገንዘብ የሚሰበስበው ግን አንድም ሰው ሳያስቀጥር ያተርፋል። ከላይ በተጠቀሰው ዋጋ መቶ ሰው ቢመዘግብ 600,000 ብር በእጁ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ቀጣሪ ፍለጋ መድከም ለእሱ ወጪ ብቻ ነው።

ቤት ደላላ ከሻጭም ከገዢም ሁለት ሁለት በመቶ ሲቀበል ስላየን፣ ሥራ አገናኝም ከሁለቱም ወገን ቢቀበል ነውር አይመስለንም። በቅጥር ጉዳይ ግን ሕጉ የቆመው በሌላ ቦታ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም፣ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ምንም ዓይነት ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎቱን የሚሰጥ ባለፈቃድ ነው ይለዋል። አሳቡ አዋጁ የፈጠረው አዲስ ነገር አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ስለ ግል የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች የሚደነግገው ስምምነት ቁጥር 181 በሰባተኛው አንቀጽ ይህንኑ መርህ ያስቀምጣል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄዱ ሰዎች ጉዳይ በሌላ አዋጅ የሚገዛና የራሱ የወጪ አከፋፈል ያለው ስለሆነ እዚህ ውስጥ አላስገባውም።

ውል አዘጋጆቹ ይህን ሕግ አያውቁትም ብዬ አልገምትም። እንዲያውም ያነበብሁት ውል የተጻፈው በጥንቃቄ ነው፤ «የቅጥር ኮሚሽን» የሚል ቃል በየትኛውም ገጽ የለበትም። 6,000 ብሩ «የሙያ ዕቅድ ማማከር»፣ የደመወዙ ግማሽ «የአጋርነት መዋጮ»፣ ወርሃዊው አሥር በመቶ ደግሞ «የክትትል ክፍያ» ተብሏል። የንግድ ፈቃዱም ለማማከርና ለሥልጠና የተሰጠ እንጂ ሥራና ሠራተኛ ለማገናኘት የተሰጠ አይደለም። አዋጁ «በተዘዋዋሪ» የሚለውን ቃል የጨመረበት ምክንያት ይህን የመሰለው ስም መቀያየር ይመስለኛል። ለነገሩ ሲቪ አስተካክሎ ለሚጽፍ ወይም ለቃለ መጠይቅ ለሚያለማምድ ሰው መክፈል በራሱ ስሕተት የለውም፤ አገልግሎቱ ተቆርጦ የሚታወቅ ከሆነ፣ ዋጋው ከመቀጠርና ካለመቀጠር ጋር ካልተያያዘና ደረሰኝ ከተሰጠበት እንደማንኛውም ግብይት ነው። ማማከሩ የሥራ ቦታ ለማግኘት ቅድመ ሁኔታ ሲሆን ግን ጉዳዩ ይለወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልትጠነቀቁለት የሚገባው አንቀጽ የደመወዙን መቶኛ የሚናገረው አይደለም። በሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ተመዝጋቢው በውሉ ዘመን ውስጥ «በማንኛውም መንገድ» የሚያገኘው ሥራ በአጋርነቱ እንደተገኘ ይቆጠራል የሚል ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል። ትርጉሙን በሚገባ አስቡት። በጋዜጣ የወጣውን ማስታወቂያ አይታችሁ በራሳችሁ ብታመለክቱ፣ የቀድሞ አለቃችሁ ጠርቶ ቢቀጥራችሁ፣ አሁን ያላችሁበት መሥሪያ ቤት በዕድገት ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ቢያዛውራችሁ እንኳ የደመወዛችሁ ግማሽ ይጠየቃል። በሌላ አገናኝ አትመዝገቡ ከሚለው ክልከላ ጋር ሲጣመር ደግሞ ድርጅቱ ምንም ሳይሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእናንተን ድካም እንደ ራሱ ይቆጥራል። ቀጣሪዎች ለአንድ የተወሰነ ቦታ ለአንድ አገናኝ ብቻ ትእዛዝ የሚሰጡበት አሠራር አለ፤ ሆኖም በዚያ አሠራር የሚገደበው ከፋዩ ቀጣሪ ነው፣ ለዚያውም ለአንድ ክፍት ቦታ። ሥራ ፈላጊን ለሁለት ዓመት አስሮ ማስቀመጥ ምን የሚሉት አጋርነት እንደሆነ ለእኔ አልገባኝም።

የትምህርት ማስረጃችሁን ኦሪጅናል ለማንም አገናኝ አትስጡ። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ኦሪጅናሉን አይቶ፣ ኮፒውን ይዞ፣ ወዲያው ይመልሳል፤ ዲግሪያችሁን ከመሳቢያው የሚያስቀምጥ ሰው የያዘው መያዣ ነው። መታወቂያና ሌሎች የግል መረጃዎችንም በተመለከተ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃችን ለምን ዓላማ እንደሚሰበሰብ የማወቅ መብት ሰጥቶናል። ስለዚህ «ሲቪዬን ለማን ትልኩታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ሊቆጠርባችሁ አይገባም።

ክፍያውን ለማሳመን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሌላው ነገር «የውስጥ ሰው አለን» የሚለው ነው። በተለይ የተባበሩት መንግሥታት አካል የሆነው የኢኮኖሚክ ኮሚሽን ፎር አፍሪካ፣ የአፍሪካ ኅብረትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስም ይነሳል። የተባበሩት መንግሥታት በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎቹ ላይ፣ በማመልከቻም ሆነ በቃለ መጠይቅ፣ በሒደቱም ሆነ በሥልጠናው፣ በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ክፍያ እንደማይጠይቅ በግልጽ ይጽፋል። የውስጥ ሰው አለ የተባለው ውሸት ከሆነ ገንዘባችሁ ተበላ፤ እውነት ከሆነ ደግሞ የተጠየቃችሁት ጉቦ ነው። በሁለቱም መንገድ መራቅ ነው።

ታዲያ ከአገናኝ ጋር የሚጠቅም ግንኙነት እንዴት ይመሠረታል? በመጀመሪያ በእናንተ ሙያ ላይ የሚሠራውን መለየት ያስፈልጋል፤ ለሆስፒታሎች ነርስ የሚመለምል ሰው ለሲቪል መሐንዲስ የሚሆን ቦታ ብዙም አያጋጥመውም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚፈልግ ነው። ሲደውል መመለስ፣ ቦታው የማይስማማችሁ ከሆነ ምክንያቱን ነግሮ በጨዋነት እንቢ ማለት፣ የደመወዝ ፍላጎትን ሳያጋንኑ መናገር፣ ሌላ ቦታ ቃለ መጠይቅ ላይ ከሆናችሁ አለመደበቅ፣ ኃላፊነታችሁ ሲለወጥ ወይም አዲስ የሙያ ፈቃድ ስታገኙ አጭር መልእክት መላክ። ለእናንተ የማይሆን ነገር ግን ለባልደረባችሁ የሚስማማ ቦታ ሲነግራችሁ ባልደረባችሁን አስፈቅዳችሁ መጠቆም ደግሞ ከሁሉ በላይ ይታወሳል፤ አገናኙ ጊዜውን የሚፈጀው ሰው በመፈለግ ነውና። በአሠሪው ጠረጴዛ ላይ ከሚቀርቡት ስሞች መካከል «ባለፈው ዓመት አንድ ቦታ አቅርቤላት እንደማይሆናት በግልጽ ነግራኝ ነበር» ተብለው የሚተዋወቁ ሰዎች ከሌሎቹ የተሻለ እምነት ሲያገኙ አይቻለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አትርሱ። ሲቪያችሁ ወደ የትኛው ድርጅት እንደሚሄድ በስም ሳይነገራችሁ እንዲላክ አትፍቀዱ። የአንድ ሰው ሲቪ ከሁለት አገናኞች ወደ አንድ ቀጣሪ ሲደርስ ኮሚሽኑ የማን ነው የሚል ክርክር ይነሳል፤ ብዙ ቀጣሪዎችም ክርክሩን ሽሽት ሰውየውን ራሱን ይተዉታል። አመልካቹ ለምን እንደቀረ አይነገረውም። በየቡድኑ ሲቪ የሚበትኑ አገናኞች የሚያደርሱት ጉዳት በአብዛኛው በዚህ መልክ የሚመጣና የማይታይ ነው።

አገናኙ ቅን ቢሆን እንኳ የሙያ ዕቅዳችሁን ሙሉ በሙሉ ለእሱ መተው አይገባም። እሱ የሚያውቀው በዚህ ወር በእጁ ያለውን ትእዛዝ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ኦዲተር ሆናችሁ ትቀጥሉ ወይስ ወደ ሥራ አመራር ትሻገሩ ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው በሙያው የቀደሟችሁ ሰዎች ዘንድ ነው። ከአገናኙ የሚጠየቀው ጥያቄ ጠባብና ጠቃሚ ነው፦ ቀጣሪዎች አሁን ምን ዓይነት ልምድ እየጠየቁ ነው? ለዚህ የሥራ መደብ ምን ያህል ደመወዝ ይቀርባል? እኔን ያቀረብህበት ቦታ ለምን አልተሳካም? ሦስተኛውን ጥያቄ በቅንነት የሚመልስ አገናኝ ካገኛችሁ ያዙት።

ውሉን አስቀድማችሁ ለፈረማችሁ፣ ነገሩ አብቅቷል ብላችሁ ክፍያውን አትቀጥሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 ግዴታው ከሕግ ወይም ከሞራል ውጭ የሆነ ውል ውጤት እንደሌለው ይደነግጋል፤ ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው እንዲመለሱ የሚያዘውም አንቀጽ 1815 ነው። የእናንተ ውል በእነዚህ አንቀጾች ሥር ይወድቅ እንደሆነ ሰነዱን ያየ የሕግ ባለሙያ ይንገራችሁ። እስከዚያው ግን የፈረማችሁበትን ውል ኮፒ፣ የባንክ ወይም የቴሌብር ክፍያ ማረጋገጫውንና በቴሌግራም የተጻጻፋችሁትን መልእክት ሳታጠፉ አስቀምጡ። አቤቱታችሁን፣ አዲስ አበባ ካላችሁ፣ ለከተማው ሥራና ክህሎት ቢሮ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ድርጅቱ ሥራና ሠራተኛ ለማገናኘት የሚያስችል ፈቃድ እንዳለውም በዚያው ጠይቁ። ደረሰኝ ያልተሰጣችሁ ከሆነ ጉዳዩን ለንግድ ቢሮ ጭምር አመልክቱ፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃም ሆነ አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ኦሪጅናል ዲግሪያችሁ በእነሱ እጅ ካለ ደግሞ ከአቤቱታው በፊት ዲግሪውን አስመልሱ፤ በቃል ጠይቃችሁ ከከለከሏችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የደብዳቤያችሁንም ቅጂ ተቀባዩ እንዲፈርምበት አድርጉ።