በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃዬ ከ8 ወር በኋላ፦ ጣጣው ቅባቱ ላይ ነበር

ጠመንጃው ካሊበር 50 ነው፣ ማለትም የቱቦው ውስጥ ስፋት ግማሽ ኢንች ነው። ባሩዱ በአፈሙዙ ይገባል፣ ከዚያ ቅባት በጠጣ ጨርቅ የተጠቀለለ ክብ እርሳስ በዘንግ ይጎሰጎሳል። ስገዛው ያስጨነቀኝ የባሩዱ መጠን ነው። ቅባቱን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር፤ ጉድ የሠራኝ ግን እሱ ነው።

መጀመሪያ እጄ ላይ የነበረውን የማሽን ግራሶ ቀባሁ። ሦስቱ ምት ሸጋ ነበር። አራተኛው ላይ ዘንጉ ከበደኝ፣ አምስተኛው እርሳስ መሃል ተቸክሎ አልወርድም አለ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ እርሳሱ ባሩዱ ላይ ሳያርፍ፣ መሃሉ ባዶ እንደሆነ ከተተኮሰ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ባሩዱን በውሃ አርሼ እርሳሱን በብሎን መሳቢያ እስካወጣ ግማሽ ቀኔ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እርሳሱ በደንብ ሲቀመጥ ዘንጉ የት ድረስ እንደሚገባ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ጋዝ አይሆንም። ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ የቀረው ጥቀርሻ ሆኖ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። የፔትሮሊየም ግራሶ ሲጨመርበት ደግሞ እንደ ሬንጅ ይጋገራል።

ቀጥሎ ሰምና ሞራ አቅልጬ ሞከርኩ። ጥቀርሻው ለስላሳ ሆነ፣ ዘንጉም ሳይታገለኝ ወረደ። ችግሩ ብርድ ሲሆን ይደርቃል፣ ሙቀት ሲሆን ይቀልጣል። ለአደን ግን አሁንም እሱን ነው የምይዘው፣ ምክንያቱም ጠመንጃው ጎርሶ ሰዓታት ሲቆይ ባሩዱን ቶሎ አያረጥብም።

ለኢላማ ያሸነፈው ባሊስቶል የሚባለው የጠመንጃ ዘይት ነው። የሚገርመው እሱም መሠረቱ የማዕድን ዘይት ነው፣ ግን ከውሃ ጋር ይዋሃዳል። አንድ እጅ ባሊስቶል በሰባት እጅ ውሃ በጥብጬ፣ የጥጥ ጨርቁን ነክሬ፣ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። ውሃው ሲተን ዘይቱ ብቻ ይቀራል፣ ሁሉም ጨርቅ እኩል ይይዛል። ይሄ እኩልነት ነው ለውጡን ያመጣው፤ በ50 ሜትር የአምስት ምቴን ቀዳዳዎች አሁን በመዳፌ እሸፍናቸዋለሁ።

የባሩዱን መጠን የቆረጥኩት ከዚህ በኋላ ነው። 3ኤፍ የሚባለውን ደቃቁን ከ50 ግሬን ጀምሬ በ5 በ5 እየጨመርኩ ሄድኩ፣ የምሰፍረውም በይዘት እንጂ በሚዛን አይደለም። 70 ላይ፣ ማለትም ወደ 4.5 ግራም፣ ተመቸው። 80 ላይ ትከሻዬን ከመደብደብ በቀር የጨመረልኝ ነገር የለም። አምራቹ ከፈቀደው ጣሪያ ማለፍ አይታሰብም፣ ጭስ አልባ ባሩድማ ጨርሶ አይነካም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የተተኮሰውን ጨርቅ ከመሬት ለቅማችሁ እዩት። የእኔ መሃሉ ተቃጥሎ ይበሳ ነበር፤ ለ0.490 ኢንች እርሳሴ ጨርቁ ሳስቶ ነው። ወደ 0.015 ኢንች ውፍረት ስቀይር ጠርዙ ትንሽ ከመተልተል በቀር ደህና ሆነ። የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የቱቦው ጥምዝ ቦይ ወይም የአፈሙዙ ጠርዝ ስለት አለው ማለት ነው።

በየምቱ መሃል ቱቦውን እወለውላለሁ፣ እርጥበት በነካው ጨርቅ እንጂ በሚንጠባጠብ አይደለም፤ ውሃው ታች ወርዶ ባሩዱን ካገኘው አይተኮስም። ማታ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ ግዴታ ነው። ጥቀርሻው ጨው አለበት፣ እርጥበት ይስባል። አንዴ ደክሞኝ ሳላጥበው አደርኩ፣ ጠዋት ቀይ ዝገት ይዞ ጠበቀኝ።

ግራሶው አሁን የበር ማጠፊያ ላይ ተመድቧል።