አዲስ ጎማ ወይስ የታደሰ? ለጅቡቲ መስመር መኪኖች

ባለ ተሳቢ መኪና እስከ 22 ጎማ ይዞ ይሄዳል፤ ከነዳጅ ቀጥሎ ባለንብረቱን የሚያስጨንቀውም እሱ ነው።

ዋጋ፦ የታደሰው፣ ማለትም መንገድ የሚነካው ጥርሱ ሲያልቅ በአሮጌው ገላ (በጎማው ዋና አካል) ላይ አዲስ ጥርስ የተለጠፈለት ጎማ፣ በግዢ ይረክሳል። ትክክለኛው ሒሳብ ግን ዋጋውን ለተጓዘው ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው፤ መንገድ ላይ ፈንድቶ ረዳቱ ክሪክ ሲያስገባ የሚባክነው ቀንም ይደመር።

ስጋት፦ ከአዋሽ ወደ ሚሌና ጋላፊ ሲወረድ አስፋልቱ ይግላል። ጭነት የበዛበት፣ ንፋስ የጎደለው ጎማ እዚያ ሙቀት ሲጨመርበት ጥርሱ ከገላው ይላቀቃል። ከመንገዱ ዳር እንደ እባብ ቆዳ ተጥሎ የምናየው ጥቁር ልጣጭ ይኸው ነው። (አዲሱንም ቢሆን የንፋስ ጉድለት አይምረውም።)

ለማደስ ገላው ጤነኛ መሆን አለበት፤ ሽቦው ከታየ አበቃ። ስለዚህ ማደስ ያሰበ ሰው ጥርሱ ተሟጦ ሳያልቅ ጎማውን ያወልቃል።

መሪ እግር (መሪው የሚያዞራቸው የፊት ጎማዎች) ላይ አዲስ ብቻ፤ በዚህ አልደራደርም። ተሳቢ ላይ ግን የራስዎን ጎማ ካሳደሱ፣ ታሪኩንም ካወቁ ይሄዳል። ከተማ ውስጥ አሸዋ ለሚያመላልስ ገልባጭም ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል የታደሰው ያዋጣል። ከየት እንደተፈታ የማይታወቅ የታደሰ ጎማ ከሚገዙ ግን ጥቂት ቆይተው አዲሱን ይግዙ።