ማይክ አጠገብ የማይጮህ ኩለር፦ ከደሴ ሆነን ስንመርጥ

ደሴ ውስጥ ድምፅ የምቀዳው መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ከማይኩ ቢርቅ አንድ ሜትር ተኩል ነው። መንዙማ ስንቀዳ ድቤው ረገብ ብሎ የሰው ድምፅ ብቻ ሲቀር፣ ከፕሮሰሰሩ (ከኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ጋር በካርቶኑ የመጣው ፋን "አለሁ" ይላል። ኤዲት ላይ ላጠፋው ስሞክር የሰውየው ድምፅም አብሮ ይቀጥናል። ስለዚህ ኩለር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘውን ብረትና ፋን፣ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ጸጥታውን ነው።

"ደሴ ብርድ አይደል እንዴ፣ ምን ኩለር ያስፈልጋል?" የሚሉኝ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ክፍሉ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ገደማ ይቀዘቅዛል። ግን 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደው ትንሽ ነው። ኮምቦልቻ ስትወርዱ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ክፍሉ ግን ይሞቃል። እኔ የያዝኩት ልማድ ዩቲዩበሮቹ "ይበቃል" ከሚሉት አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ነው።

አሠራሩ ደስ ይላል። ኩለሩ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚወስዱ የመዳብ ቱቦዎች አሉት፤ ከውስጣቸው አየሩ ተመጥጦ ጥቂት ውሃ ይቀራል። ደሴ ላይ የጀበና ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ይፈላ የለ? ግፊቱ ስለሚያንስ ነው። ቱቦው ውስጥ ግፊቱ ከዚህም እጅግ ስለሚያንስ ውሃው ገና ለብ ሲል ይተናል። እንፋሎቱ ፋኑ ወደሚነፋባቸው ስስ የብረት ክንፎች ሄዶ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ሆኖ በቱቦው ግድግዳ ይመለሳል። ቱቦና ክንፍ ሲበዛ ፋኑ ቀስ ብሎ መዞር ይችላል። ጸጥታ የሚገዛው በብረቱ ብዛት ነው።

ወደ ምርጫው እንግባ። እንደ ራይዘን 5 5600 ያለ 65 ዋት ፕሮሰሰር ካላችሁና ሥራችሁ ጽሑፍና ኢንተርኔት ከሆነ፣ አብሮት የመጣው ፋን ይበቃችኋል። ገንዘባችሁን ያዙ። ጩኸቱ ካስቸገረ ባለ አንድ ማማ (ክንፎቹ ተደርድረው ቀጥ ብለው የቆሙበት) ኩለር ግዙ። ኩለር ማስተር ሃይፐር 212 እና ዲፕኩል ኤኬ400 ሁለቱም አራት ቱቦና አንድ 120 ሚሊሜትር ፋን አላቸው። ከሁለቱ እኔ ኤኬ400ን እወስዳለሁ። ቁመቱ 155 ሚሊሜትር ነው፣ ሃይፐር 212 ኢቮ ግን 159 ነው። አራት ሚሊሜትር ምን ዋጋ አለው አትበሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለድምፅ ቅጂ ግን ልቤ ያለው ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ላይ ነው። ሁለት ማማ፣ ስድስት ቱቦ፣ ሁለት ፋን፣ ቁመቱ 155። ውጭ አገር ከ35 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ደግሞ ከ100 ዶላር ያልፋል። እሱም ስድስት ቱቦ ነው፤ ፋኖቹ ግን 140 ሚሊሜትር ናቸው። አምራቾቹ የጻፉትን ብታዩ፣ በሙሉ ፍጥነት ፒርለስ አሳሲኑ 25.6፣ ኖክቱዋው 24.6 ዲሲብል ነው። ሁሉም በየራሱ ስለሚለካ በዚያች አንድ ዲሲብል አትጣሉ። በሙቀት ያላቸውም ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው። ኖክቱዋ ፋኑ ዕድሜ አለው፣ አገጣጠሙም የተመቸ ነው፤ የስድስት ዓመት ዋስትናም ይሰጣል። እንደ ኮር አይ9-14900ኬ ያለ እስከ 253 ዋት የሚጠጣ ፕሮሰሰር ካላችሁ አስቡበት። ለሌላው አብሽሩ፣ በትርፉ ብር የተሻለ ማይክ ግዙ።

አሁን ሚሊሜትሯ። አንድ ጊዜ ኬዜን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ሳልለካ ትልቅ ኩለር ገዛሁ። ገጠምኩት፣ ደስ አለኝ፣ የጎን መስታወቱ አልዘጋ አለ። ሁለት ወር ሆዱን ከፍቶ ሠራ። የገባው አቧራ ሌላ ታሪክ ነው። ከማዘርቦርዱ (ፕሮሰሰሩ ከተሰካበት ሰሌዳ) እስከ ክዳኑ ለኩና ከኩለሩ ቁመት ጋር አስተያዩ። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ የያዛችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የኩለሩ መያዣና የፋኑ ሶኬት ብዙ ጊዜ ከተለመደው የተለየ ነው፤ ቀጫጭኖቹ ኬዞች ደግሞ ጭራሽ ማማ አያስገቡም።

ከገጠማችሁ በኋላ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ ፋኑ ፕሮሰሰሩ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርጉት። ፕሮሰሰሩ ለአፍታ በሞቀ ቁጥር እየጮኸ የሚያስደነግጣችሁ ነገር ያኔ ይቀራል።

አዲስ አበባ አስገጥማችሁ የምታመጡ ከሆነ፣ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኖክቱዋው ከነፋኖቹ 1.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ብረት ማዘርቦርዱ ላይ ተንጠልጥሎ የጣርማበርን መንገድ ሲንገጫገጭ አስቡት። ወይ ኩለሩን አስፈትታችሁ ለብቻው ያዙት፣ ወይ ኬዙን አጋድማችሁ ማማው ወደ ላይ እንዲቆም አድርጉ። ረዳቱ ሻንጣ ከላዩ እንዳይጭንበት ደግሞ አደራ በሉት።