ሐዋሳ ላይ ቤት ሲገዛ፦ አዲስ ከአልሚ ወይስ የተኖረበት?

በአገራችን ቤት ለሚገዛ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የታክስ እፎይታ ብዙ አይደለም፤ የቤት ብድር ወለድ እንኳ ከደመወዝ ግብር አይቀነስም። ያለው እፎይታ የሚያርፈው በየትኛው ቤት ላይ እንደሆነ ማወቅ ግን ሐዋሳ ላይ ለሚገዛ ሰው ትልቅ የገንዘብ ልዩነት ያመጣል።

ወጪ፦ ከሪል ስቴት አልሚ የሚገዛ አዲስ ቤት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። ዋጋው 4 ሚሊዮን ብር ነው ብንል ታክሱ ብቻ 600,000 ብር ስለሚሆን፣ ውሉ ላይ «ታክስን ጨምሮ» መባሉን ሳያዩ መፈረም የዋህነት ነው። የተኖረበትን ቤት ሽያጭ ግን በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 285 ከዚህ ታክስ ነጻ አድርጎት ነበር፤ ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ስለተተካ፣ ዛሬ ያለውን ደንብ አጣርቶ መግዛት ነው። ስም ሲዛወር የሚከፈለው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ በሁለቱም አይቀርም፤ ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍም እምብዛም አያዋጣም፣ ማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ግምት አለውና።

የሻጭ ግብር፦ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በሕንፃ ሽያጭ ትርፍ ላይ 15 በመቶ ግብር ቢጥልም፣ ሁለት ዓመት የኖረበትን ቤት የሚሸጠውን ነጻ ያደርጋል። ያልኖረበት ሻጭ ግብሩን ወደ ገዢው ለመግፋት ይሞክራል፤ ድርድሩ እዚህ ላይ ይጠንክር።

ስጋት፦ አዲሱ ቤት ተሠርቶ እስኪያልቅ ሊዘገይ ይችላል። በአሮጌው ካርታው ላይ የዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን ማጣራት፣ ሐይቁ አጠገብ ከሆነም የግድግዳውን ግርጌ እርጥበት በእጅ ዳስሶ ማየት ያሻል።

ገንዘቡ በእጁ ላለና ቶሎ ለሚገባ ሰው የተኖረበት ይሻላል፤ ከደመወዙ እየቆጠበ በየግንባታው ደረጃ ለሚከፍል ግን፣ ታክሱን ቢሸከምም፣ የአልሚው ቤት ይቀለዋል።