ፕላዝማ ወይስ የቡድን ሥልጠና?

ትምህርት ቤቶች ለውጥን የሚገፉት አዲስ ነገር ስለሚጠሉ ብቻ አይመስለኝም። የሚመጣበት መንገድም ያስገፋዋል።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ፣ ማለትም በክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት፣ ጎንደርን ጨምሮ በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይፈስስ ነበር። ተማሪ እጁን ቢያወጣ አይቆምም ነበር። መብራት ከጠፋ አለቀ። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። ፈተናው ደግሞ ያው የምርጫ ጥያቄ! ታዲያ ማን ይለወጥ?

በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ግን የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሽን (የአካባቢ ንጽህና) ተማሪዎችን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ላከ፤ የቡድን ሥልጠና የምለው ይህንን ነው። ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ አሠራሩ ቀጥሏል። ወጪው ከባድ ነው፤ መኪና፣ ማደሪያ፣ የሚከታተል መምህር ይጠይቃል። ፕላዝማ በአንዴ ብዙ ሺህ ተማሪ ይደርስ ነበር፣ እውነት ነው። እኔ ግን ያለማመንታት የጎንደሩን እመርጣለሁ፤ ተማሪው የሚመዘነው በሽተኛው፣ ውኃውና መጸዳጃው ባለበት ሠፈር ነዋ።