ፒ0700 ብቻ የሚያነብ ስካነር አይበቃችሁም

መኪናዬ በቀደም ከሦስተኛ ማርሽ አልወጣ አለች። ነዳጅ ስረግጥ ትጮሃለች እንጂ አትፈጥንም። የቼክ ኢንጅን መብራትም ቦግ ብሏል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኘውን ትንሿን ኮድ ማንበቢያዬን ሰካሁ፤ ፒ0700 የሚል የብልሽት ኮድ አሳየችኝ፣ ሌላ ምንም የለም። ያሳየሁት መካኒክ ደግሞ ኮዱን እንዳየ «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ» አለ። ደነገጥኩ።

ፒ0700 እኮ ብልሽቱን አይነግርም። የካምቢዮው ኮምፒውተር ለሞተሩ ኮምፒውተር «እኔ ጋ ችግር አለ፣ መብራቱን አብራልኝ» ማለቱ ነው። ዋናው ኮድ እዚያው ካምቢዮው ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው፤ የሞተሩን ብቻ የምታነብ መሣሪያ ደግሞ እዚያ አትደርስም።

ስለዚህ ሞተርም፣ ካምቢዮም፣ ኤቢኤስም (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን) የሚያነብ የእጅ ስካነር ገዛሁ። ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ሰክቼ ካምቢዮ የሚለው ውስጥ ስገባ ፒ0715 አወጣልኝ፦ ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዘንግ ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር መስመር። መስመር ማለቱን ልብ በሉ። ሴንሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦው ወይም ሶኬቱም ሊሆን ይችላል።

በጣም የወደድኩለት የቀጥታ ንባቡን ነው። ማርሹን ፓርክ ላይ አድርጌ፣ ሞተሩን አስነስቼ የዘንጉን ፍጥነት ስክሪኑ ላይ ከፈትኩ። የሴንሰሩን ሽቦ ነካ ሳደርገው ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፣ ስለቀው ይመለሳል። ሞተሩን አጥፍቼ ሶኬቱን ስነቅለው አንዷ ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። አጸዳኋት፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፤ ማርሾቹ በሙሉ ተመለሱ። ካምቢዮ ሊወርድ የነበረው ለዚህች ነው!

ስካነሩ የማይመቹ ነገሮችም አሉት። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይታይም። በፒ1 የሚጀምሩትን፣ አምራቾች ለየራሳቸው ያወጧቸውን ኮዶች አንዳንዴ ቁጥራቸውን ብቻ ጽፎ ትርጉማቸውን ባዶ ይተወዋል። የሁሉንም መኪና ካምቢዮ አያነብም፤ ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁ ሞዴልና ዓመተ ምርት ዝርዝሩ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

ደግሞ እባካችሁ ኮዱን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ብልሽቱ ሲከሰት ፍጥነቱና ሙቀቱ ስንት እንደነበር የተመዘገበው መረጃ አብሮ ይጠፋል። እኔ አሁን መጀመሪያ ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ የባትሪውን ቮልቴጅና የካምቢዮውን ዘይት አያለሁ፣ ማጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው።