ድረ ገጽ ለሚያሠሩ፦ በሠንጠረዥ፣ በሲኤስኤስ፣ በፔጅ ቢልደር ወይስ በጃቫስክሪፕት?

ለድርጅታቸው ድረ ገጽ ለማሠራት ከተለያዩ ባለሙያዎች ዋጋ የሚያሰባስቡ ሰዎች እርስ በርሱ የሚጋጭ ምክር ይደርሳቸዋል። አንዱ ነባሩ ገጽ ጉግል ላይ ወደ ኋላ የቀረው በሠንጠረዥ ስለተሠራ ነው ብሎ አፍርሶ መሥራትን ይመክራል፤ ሌላው በፔጅ ቢልደር (ኮድ ሳይጻፍ ገጽ በሚገነባበት መሣሪያ) በአንድ ሳምንት አጠናቅቆ እንደሚያስረክብ ይናገራል፤ ሦስተኛው ደግሞ በሪአክት (ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ገጽ መገንቢያ) ካልተሠራ አይሆንም ይላል። ከፋዩ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ጉግል ገጹ በየትኛው ዘዴ እንደተደረደረ አይቶ ነጥብ እንደማይሰጥ ነው። ይሁን እንጂ ገጹ በስልክ እንዴት እንደሚታይ፣ በምን ፍጥነት እንደሚከፈትና ጽሑፉ ለጉግል ሮቦት (ገጾችን እየዞረ ለሚያነበው ፕሮግራም) በምን መንገድ እንደሚደርስ የሚወስነው አሠራሩ በመሆኑ፣ በጉግል ፍለጋ የደረጃው ልዩነት የሚመጣው በእነዚህ በኩል ነው።

ገጽን በሠንጠረዥ መደርደር ሲኤስኤስ (የገጽን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ኮድ) እ.ኤ.አ. በ1996 ቢጸድቅም ብራውዘሮች በአግባቡ እስኪደግፉት ድረስ ዓመታት በመውሰዱ የተስፋፋ ዘዴ ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ጉግል እንደማንኛውም ጽሑፍ ያነበዋል። ችግሩ ስልክ ላይ ነው፤ ጎን ለጎን የተሰደሩት ዓምዶች በጠባብ ስክሪን ላይ አንዱ ከሌላው ሥር ስለማይወርዱ አንባቢው ጽሑፉን እያሰፋና ወደ ጎን እየገፋ ለማንበብ ይገደዳል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ለስልክ የሚመቹ ገጾችን በስልክ ፍለጋ ላይ ያስቀድማል፤ ከዚያም ወዲህ ወደ መዝገቡ የሚያስገባው በስልክ የሚታየውን የገጹን ቅጂ ሆኗል። የኢትዮጵያ ተጠቃሚ ኢንተርኔትን በአብዛኛው የሚያገኘው በስልኩ ስለሆነ ይህ ጉዳይ ከደረጃም በፊት ደንበኛን ራሱን ይመለከታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የዋጋ ዝርዝርና የጉዞ ሰዓት ሰሌዳ በተፈጥሯቸው ሠንጠረዥ ስለሆኑ፣ «ሠንጠረዥ ጊዜው አልፎበታል» በሚል ምክንያት እንዲበተኑ መፍቀድ አይገባም።

በሲኤስኤስ የሚሠራው ገጽ፣ በተለይ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች እ.ኤ.አ. በ2017 መደገፍ በጀመሩት ግሪድና ከእርሱ በቀደመው ፍሌክስቦክስ በሚባሉት የመደርደሪያ ዘዴዎች ሲደረደር፣ ያው አንድ ጽሑፍ በኮምፒውተር ላይ በሦስት ዓምድ፣ በስልክ ላይ ደግሞ በአንድ ዓምድ እንዲታይ ያስችላል። ኮዱም ቀላል ስለሚሆን በደካማ ኔትወርክ ቶሎ ይከፈታል። አንዳንድ ባለሙያዎች በዲቭ (ይዘቱ ምን እንደሆነ በማይናገረው የኮድ ሳጥን) ፈንታ እንደ አርቲክልና ሜይን ያሉትን የይዘቱን ክፍል የሚለዩ ስያሜዎች መጠቀም ደረጃ ያስገኛል በማለት ተጨማሪ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ስያሜዎቹ በስክሪን አንባቢ ለሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን በእርግጥ ስለሚጠቅሙ መኖራቸው ተገቢ ነው፣ በደረጃ ስም ግን ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቅባቸው አይገባም።

ፔጅ ቢልደር፣ ለምሳሌ በዎርድፕረስ (በድረ ገጽ ይዘት ማስተዳደሪያው) ላይ የሚጫነው ኢሌሜንተር፣ ባለቤቱ ራሱ ጽሑፍና ሥዕል እንዲቀይር ያስችለዋል፤ ይህን ጥቅም አቅልዬ አላየውም፣ ምክንያቱም ወቅታዊ መረጃ ያለው ገጽ ኮዱ ምንም ያህል ንጹሕ ሆኖ መረጃው ካረጀበት ገጽ ይሻላል። ጉዳቱ ዲቭ በዲቭ ውስጥ መደራረቡና ገጹ የማይጠቀምባቸውን ፋይሎች ጭምር መጫኑ ነው። የጉግል መለኪያ ከ100 ጉብኝቶች ቢያንስ 75ቱ ላይ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ፣ ገጹ ለጣት ንክኪ በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥና ይዘቱ ሲከፈት የሚንሸራተትበት መጠን በጉግል ስሌት ከ0.1 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። እነዚህ መለኪያዎች በደረጃው ውስጥ ድርሻ ቢኖራቸውም ጽሑፉ ለጠያቂው ከሚሰጠው መልስ አይበልጡም።

በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚሠራ ገጽ ግን የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል። ከሰርቨሩ (ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር) የሚመጣው ኤችቲኤምኤል (የገጹ መሠረታዊ ኮድ) ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ የሚፈጠረው በአንባቢው ስልክ ላይ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከአዲሱ ክሮም ጋር በሚስተካከል ብራውዘር እንዲህ ያለውን ገጽ ሠርቶ ያያል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ኮዱን ካነበበ በኋላ በሌላ ዙር ነው። ሊንኮቹም በተለመደው የሊንክ ኮድ ካልተጻፉ ወደ ቀጣዮቹ ገጾች ላይደርስ ይችላል። ከዚህም በላይ ቴሌግራምና ፌስቡክ ሊንክ ሲላክ የሚያሳዩትን ርእስና ሥዕል የሚወስዱት ከመጀመሪያው ኤችቲኤምኤል ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ሰው ከሰው የሚቀባበለው ሊንክ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሪአክት የግድ ከሆነ ገጹ ሰርቨር ላይ ተዘጋጅቶ እንዲመጣ፣ ለምሳሌ በኔክስት ጄኤስ እንዲሠራ፣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአማርኛ ለሚጻፍ ገጽ ከእነዚህ ሁሉ ልዩነቶች ይልቅ የፊደሉ ጉዳይ ይከብዳል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈና ወደ ዩኒኮድ ያልተቀየረ ጽሑፍ ለሮቦቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ነው፤ በሥዕል የተለጠፈ ማስታወቂያም እንደ ጽሑፍ ሊታመንበት አይችልም። ፊደላችን ከ300 በላይ ቅርጾች ስላሉት የፎንቱ ፋይል ይከብዳል፤ ዘግይቶ ሲደርስም መስመሮቹን አንሸራቶ ከላይ የተጠቀሰውን የ0.1 ወሰን ሊያሳልፍ ይችላል። አንድሮይድ ስልኮች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይዘው ስለሚመጡ፣ ለተራ ጽሑፍ የስልኩን ፎንት መጠቀም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

እንግዲህ ስለ ድርጅቱ መረጃ ለሚሰጥ ገጽ በሲኤስኤስ የተሠራ ቀላል ንድፍ የእኔ ምርጫ ነው፤ በየሳምንቱ ይዘቱን ለሚቀይር ባለቤት ዎርድፕረስ ከነቀላል ንድፉ ይሻላል፤ ደንበኛው መለያ ከፍቶ ለሚገለገልበት ሥርዓት ደግሞ ጃቫስክሪፕት ተገቢ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በኮምፒውተር ብራውዘር የገጹን ምንጭ ኮድ ከፍቶ ከገጹ አንድ ዐረፍተ ነገር መፈለግ (ካልተገኘ ጽሑፉ የሚፈጠረው በጃቫስክሪፕት ሊሆን ይችላል)፣ ገጹንም ነጻ በሆነው የጉግል የፍጥነት መፈተሻ በፔጅስፒድ ኢንሳይትስ መፈተሽ ያስፈልጋል። ነባር ገጽ ለሚቀይር ደግሞ ውሉ የቀድሞዎቹ የገጽ አድራሻዎች እንዳሉ እንዲቆዩ፣ ወይም እያንዳንዳቸው በ301 (በቋሚ የአድራሻ ማዛወሪያ) ወደ አዲሶቹ እንዲመሩ በግልጽ ያስገድድ፤ ከእድሳት በኋላ ለሚታየው የደረጃ መውደቅ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ሳይደረግ መቅረቱ ነው።